ወደኋላ መንዳት የምንማርበት ሜዳ ይኑረን

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

ጉዳዩ፦ ግማሽ ተሳቢ መኪናን በጠባብ ቦታ ወደ ማራገፊያ መድረክ ስለማስገባት

ክቡር አዘጋጅ፣

ባሕር ዳር ውስጥ የሚኖር ሰው የሚከተለውን ትዕይንት ሳያይ የቀረ አይመስለኝም። ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ፣ ሠራተኛው ወደ ቢሮ፣ ተማሪው ወደ ትምህርት ቤት፣ ነጋዴው ወደ ገበያ በሚጣደፍበት ሰዓት፣ ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር የጫነ ግማሽ ተሳቢ መኪና፣ ጭነት ወደሚራገፍበት የመጋዘን መድረክ በኋላው ሊገባ፣ መንገዱን አግድሞ ይቆማል። ጋቢናው በአንዱ ጠርዝ ከዘንባባው ሥር፣ ጅራቱ በሌላው ጠርዝ ከመጋዘኑ በር ላይ ነው። በግራም በቀኝም ባጃጆች ተደርድረው ክላክስ ያሰማሉ፤ ትዕግሥት ያጣው በእግረኛ መንገዱ ላይ ወጥቶ ያልፋል፤ ረዳቱ "ና! ና! ቁም!" እያለ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ይሮጣል። መኪናው ሁለት ሜትር ወደኋላ ሄዶ ይቆማል፤ ሦስት ሜትር ወደፊት ይሳባል፤ እንደገና ወደኋላ ይመለሳል። አላፊ አግዳሚውም "መንጃ ፈቃዱን ከየት ገዝቶት ይሆን?" ይላል። እኔ ይህ ከተባለላቸው ሰዎች አንዱ ነኝ። 6 ዓመት በረዳትነት፣ 17 ዓመት በአሽከርካሪነት ያገለገልሁ ሲሆን፣ ስለዚህ ጉዳይ ከመሪው በስተኋላ ተቀምጦ የሚጽፍ ሰው ባለመኖሩ ይህን ደብዳቤ ለመላክ ተነሣሣሁ።

የነዋሪው ቅሬታ ትክክል ነው። መንገድ የሕዝብ ነው፤ ለ20 ደቂቃ በአንድ መኪና ሊዘጋ አይገባም። ነገር ግን ቅሬታው የሚያነጣጥረው በአሽከርካሪው ስንፍና ላይ ብቻ በመሆኑ ዋናውን ነገር ይስታል። ያ አሽከርካሪ ሰነፍ ቢሆን ኖሮ እዚያ አይደርስም ነበር። ከጂቡቲ ተነሥቶ የአፋርን ሐሩር አልፎ፣ በሚሌ በኩል ወደ ወልዲያ ወጥቶ፣ የጋሸናን ብርድና የነፋስ መውጫን ጉም ችሎ፣ በደብረ ታቦር ወደ ወረታ ወርዶ ነው የመጣው። ወይም ደግሞ ከአዲስ አበባ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ፣ ደጀን ላይ ወጥቶ ነው። ይህን ሁሉ ወደፊት እየነዳ ያለ አንዳች ጭረት ያደረሰ ሰው፣ የቀረችው 40 ሜትር ወደኋላ የምትነዳ በመሆኗ ብቻ በሕዝብ ፊት ሲያልበው ይታያል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ወደፊት መንዳትን ሁሉም አስተምሮታል፣ ወደኋላ መንዳትን ግን ማንም አላስተማረውም።

እኔ ስፈተን የነበረውን ላስታውስ። መኪናው ባዶ ነበር፤ ሜዳው ሰፊ ነበር፤ ወደኋላ ሂድ የተባልሁትም ቀጥ ባለ መስመር ነበር። ግድግዳ አልነበረም፣ መድረክ አልነበረም፣ የመብራት ምሰሶ አልነበረም፣ ከኋላ የሚሽሎከለክ ባጃጅም አልነበረም። አልፌ ፈቃዱን ተቀበልሁ። ከዚያ በኋላ በመጀመሪያው የሥራ ሳምንቴ ወደ አንድ ግቢ በ90 ዲግሪ ታጥፌ እንድገባ ታዘዝሁ። እንዴት እንደ ገባሁ እግዚአብሔር ያውቃል።

ነገሩ ለማያውቀው ሰው ምን እንደሚያስቸግር ላስረዳ። አውቶሞቢል ወደኋላ ሲነዳ መሪው ወደ ግራ ከዞረ ጅራቱም ወደ ግራ ይሄዳል። ግማሽ ተሳቢ ግን መሐሉ ላይ መታጠፊያ አለው፤ የተሳቢው አፍንጫ በጎታቹ መኪና ጀርባ ላይ ተጭኖ በአንድ ወፍራም የብረት ዘንግ ዙሪያ ይዞራል። ስለዚህ ጎታቹ የተሳቢውን አፍንጫ ወደ ቀኝ ሲገፋው ጅራቱ ወደ ግራ ይሸሻል። ጅራቱን ወደ ግራ ለመውሰድ መሪውን ወደ ቀኝ ማዞር የግድ ነው ማለት ነው። ይህን በቃል ማወቅ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እጅ እንዲያውቀው ማድረግ ግን ወራት ይወስዳል፤ ሰው ሲደነግጥ እጁ የሚታዘዘው ለልማዱ እንጂ ለትምህርቱ አይደለምና።

እኔ ያደግሁት ጣና ዳር ስለሆነ ነገሩ የገባኝ በታንኳ ነው። አጎቴ ከዘጌ እንጨት በደንገል ታንኳ ጭኖ ወደ ባሕር ዳር ያመላልስ ነበር፤ እኔም ልጅ ሳለሁ አንዳንድ ጊዜ አብሬው እቀመጥ ነበር። በቀኝ በኩል ሲቀዝፉ የታንኳው አፍንጫ ወደ ግራ ይዞራል፤ በግራ ሲቀዝፉ ወደ ቀኝ። ይህን ለሐይቅ ዳር ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም፣ ክንዱ ያውቀዋል። ከዚህም በላይ እንጨት የተጫነ ታንኳ መዞር ከጀመረ፣ መቅዘፍ ቢያቆሙም መዞሩን አያቆምም፤ ስለዚህ አጎቴ አፍንጫው ወደሚፈልገው አቅጣጫ ከመድረሱ በፊት በሌላው ጎን ይቀዝፍ ነበር። ተሳቢም እንዲሁ ነው። አንዴ ከታጠፈ በኋላ መሪውን ብታቃናውም እንኳ፣ ወደኋላ እስከሄድህ ድረስ እጥፋቱ እየበረታ ይሄዳል። ጅራቱ የፈለግህበት ቦታ ላይ እስኪደርስ ከጠበቅህ ዘግይተሃል። ቀድመህ መሪውን በተቃራኒው አዙረህ፣ ጎታቹ ከተሳቢው ኋላ ኋላ እንዲከተል ማድረግ አለብህ። ጀማሪዎች ሁሉ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ማስጀመሩን ያውቃሉ፣ ማቃናቱን ይዘገያሉ። ከዚያ በኋላ ጋቢናውና ተሳቢው እንደ ሰንጢ ይታጠፋሉ፤ የአየር ቱቦዎቹና የመብራት ገመዶቹ ይወጠራሉ፤ የጋቢናው ጥግ የተሳቢውን አፍንጫ ሊነካ ትንሽ ይቀረዋል። እዚህ ደረጃ ከተደረሰ ወደፊት ከመሳብ በቀር መድኃኒት የለውም።

ያሠለጠነኝ ሰው በዕድሜ የገፋ የደጀን ሰው ነበር፤ እኔ "ጋሼ" እለው ነበር፣ እርሱ ደግሞ እስከ መጨረሻው "አንተ ልጅ" ነበር የሚለኝ። ሜዳም ሆነ ትርፍ ነዳጅ ስላልነበረን ያስተማረኝ ሻይ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። ሁለት የክብሪት ሳጥኖች ወስዶ ጫፍና ጫፋቸውን አደራርቦ በስፒል ወጋቸው፤ ትንሹ ጎታች ሆነ፣ ትልቁ ተሳቢ። የሻዩ ብርጭቆ መድረክ ሆነ። "ግፋው፤ ግን ትልቁን እየው እንጂ ትንሹን አትየው" አለኝ። ያን ቀን ክብሪቱን ከ50 ጊዜ በላይ ወደ ብርጭቆው ሳላስገባ አልቀርም። ቀጥሎ ያስተማረኝ የእጅ ብልሃት ነው። መሪውን ከላይ ሳይሆን ከታች ያዝ፤ ጅራቱ እንዲሄድ ወደምትፈልግበት ጎን እጅህን ውሰድ፤ ወደ ግራ እንዲሄድ ከፈለግህ እጅህን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ከፈለግህ ወደ ቀኝ። ከታች የተያዘ መሪ ሲዞር የግራና የቀኙ ጣጣ በራሱ ይፈታል፤ ለማሰብ ጊዜ በሌለበት ቦታ ይህች ብልሃት ስንት ግድግዳ እንዳዳነች ቆጥሬ አልጨርስም። ዛሬ ረዳቶቼን የማስተምረው በዚሁ መንገድ ነው፤ የክብሪት ሳጥኑ ብቻ እያነሰ በመሄዱ ለወፍራም ጣቴ አልመች ብሎኛል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው የጎን ጉዳይ ነው፤ በእኔ እምነት የከተማችን ችግር አብዛኛው የሚመነጨው ከዚህ ነው። በአገራችን መሪው በግራ ነው። አሽከርካሪው ወደ ግራ ጎን በመስኮት አንገቱን አውጥቶ የተሳቢውን ጎማ፣ የመድረኩን ጥግ፣ የረዳቱን እጅ በዓይኑ ሊያይ ይችላል። ጅራቱ ወደ ቀኝ ከታጠፈ ግን የቀኙ ስፖኪዮ የሚያሳየው የተሳቢውን ጎን ብቻ ነው፤ የግራው ስፖኪዮ ደግሞ ሰማይና የዘንባባ ጫፍ ያሳያል፤ ጎማው የት እንዳለ የሚያውቀው ረዳቱ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ልምድ ያለው አሽከርካሪ መድረኩን ሁልጊዜ በግራው አድርጎ ለመግባት ይጥራል፤ መድረኩን ወደ ግራ ትቶ ያልፋል፣ አፍንጫውን ወደ ቀኝ ይወረውራል፣ ተሳቢው በግማሽ ዲያጎናል ወደ መድረኩ ሲያመለክት ይቆማል፣ ከዚያ በግራ መስኮት እያየ ወደኋላ ይገባል። በሌላ በኩል እኛ በመንገዱ ቀኝ ስለምንነዳ፣ በስተቀኝ ያለ መጋዘን የሚጠብቀን በማይታየው ጎናችን ነው። መፍትሔው ዞሮ በሌላው አቅጣጫ መምጣት ነው፤ ግን ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር የጫነ መኪና በኮብልስቶን መንገዶቻችን መሐል ብሎክ ዞሮ እንዲመጣ ማን ይፈቅድለታል? ስለዚህ አሽከርካሪው በቆመበት በማይታየው ጎኑ ለመግባት ይገደዳል። ሕዝቡ የሚያየው ያን ሁለት ሜትር ወደኋላ፣ ሦስት ሜትር ወደፊት የሚለውን ምልልስ ነው። እግረ መንገዴን ልናገር፤ ያ ወደፊት መሳብ የችሎታ ማነስ ምልክት አይደለም። ሳይስብ በአንድ ጊዜ ለመግባት የሚሞክር ሰው ነው የሚያስፈራው።

የራሴን ጥፋት ሳልናገር ብቀር ደብዳቤው ሐቀኛ አይሆንም። ከዛሬ 15 ዓመት በፊት፣ ስሙን በማልጠራው አንድ መጋዘን፣ ኮንቴይነር ጭኜ እገባ ነበር። ከቀኑ 10 ሰዓት አልፏል፤ በሩ ወደ ምሥራቅ ስለነበረ ፀሐዩ ከመጋዘኑ ጣሪያ በላይ ሆኖ ቀጥታ ስፖኪዮዬ ውስጥ ይገባ ነበር። ጎማውን አየሁ፤ የመድረኩን ጥግ አየሁ፤ ረዳቴ ከግራ በኩል ሆኖ በመዳፉ የኮንቴይነሩን ጎን ሁለት ጊዜ መታ፣ ትርጉሙም "ና" ነው። እኔም መጣሁ። ከላይ ቆርቆሮ ሲቀደድ ሰማሁ። ከዚያ ወርጄ ስመለከት ጅራቱ ከመድረኩ ገና አንድ ክንድ ይቀረዋል፤ የኮንቴይነሩ የላይኛው ጥግ ግን የጣሪያውን ክፈፍ ሁለት ቆርቆሮ ያህል ወደ ውስጥ ገፍቶታል። ምክንያቱን ያስረዳኝ የመጋዘኑ ዘበኛ ነበር፤ የተማረ ሰው አልነበረም፤ ብዙ ያየ ሰው ግን ነበር። ወደ መድረኩ የሚወስደው መሬት ወደ መጋዘኑ ያዘቀዝቃል። መኪናው በቁልቁለት ላይ ሲቆም ኋላው ዝቅ ይላል፤ ኋላው ዝቅ ሲል የላይኛው ጥግ ከታችኛው ቀድሞ ይወጣል። እኔ ታች ታቹን ስመለከት ላዩ ቀድሞኝ ደረሰ። ያን ክፈፍ ለማስጠገን የሁለት ወር ደመወዜን ከፈልሁ። ጣሪያው ለዚያ ዓይነት መሬት ዝቅ ብሎ መሠራቱ ትክክል አልነበረም፤ ከመኪናው ወርጄ ዙሪያውን ሳላይ መግባቴ ግን የእኔ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስንት ጊዜ የገባሁበት ግቢ ቢሆን እንኳ ሞተሩን አጥፍቼ እወርዳለሁ፤ ታች ዲቹን፣ ላይ ሽቦውንና ክፈፉን፣ ኋላ የመድረኩን ከፍታ አያለሁ። መድረኩ አንድ ሜትር ከሃያ ገደማ ከሆነ የኮንቴይነሩ ወለል ይገጥመዋል፤ ዝቅ ካለ ጫኝና አውራጆቹ በጣውላ መሰላል ይሠራሉ፣ እኔም በዚያው መጠን ርቀት እተዋለሁ። ረዳቶቼ በዚህ ልማዴ ይሥቁብኛል። ይሣቁ።

ስለ ረዳቶች ከተነሣ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ጋዜጦች ስለ አሽከርካሪ ሲጽፉ ረዳቱን የሚያነሣው የለም፤ ሆኖም በጠባብ ቦታ መኪናውን የሚያስገባው ግማሹ እርሱ ነው። ብዙዎቹ ገና ወጣቶች ናቸው፤ ታኮ ይዘው ከጎማው አጠገብ ይሮጣሉ፤ "ስበር!" "መልስ!" "በቃ!" ይላሉ። ችግሩ አንዱ ረዳት "ቀኝ" ሲል የራሱን ቀኝ ማለቱ ነው፣ ሌላው የአሽከርካሪውን ቀኝ ማለቱ ነው። ከአዲስ ረዳት ጋር የተቀመጠ ሰው ይህን ሳይስማማ ሞተር ማስነሣት የለበትም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ረዳቱ ርቀቱን ለመለካት ብሎ በጅራቱና በመድረኩ መካከል መግባቱ ነው። 400 ኩንታል የጫነ መኪና ማለት 40,000 ኪሎ ግራም ነው፤ በማዳበሪያ ቢቆጠር ባለ 50 ኪሎ 800 ጆንያ ነው። ያ ሁሉ ክብደት አንድ ስንዝር ሲንቀሳቀስ ድምፅ እንኳ አያሰማም። እኔ ያለኝ ሕግ አንድ ነው፤ ረዳቴ ከስፖኪዮዬ ከጠፋ፣ ምንም ቢሆን፣ ፍሬን እይዛለሁ። ድምፁን ብሰማም አልንቀሳቀስም። ይህን ሕግ ያስተማረኝ ትምህርት ቤት የለም፤ ጋሼ ነው፣ እርሱም የተማረው አንድ ረዳት እጁን ሲያጣ በዓይኑ አይቶ ነበር። ስለዚያ ቀን ከአንዴ በላይ አልነገረኝም።

አንዳንድ የቀድሞ አሽከርካሪዎች "በእኛ ጊዜ ከዚህ የሚከብደውን እንነዳ ነበር፣ ማንም አላስተማረንም" ይላሉ። እውነታቸውን ነው። በተለምዶ ተሳቢ የምንለው፣ ከፊት በራሱ ጎማ የሚቆምና በዘንግ የሚጎተት፣ ሁለት መታጠፊያ አለው፤ አንዱ ከመኪናው ጀርባ፣ ሌላው ከተሳቢው የፊት ጎማ በላይ። ግራው ቀኝ ይሆንና፣ ቀኙ ተመልሶ ግራ ይሆናል፤ መሪው እንደ አውቶሞቢል ወደሚፈለግበት ጎን ይዞራል፣ ግን ሁለቱ መታጠፊያዎች በየፊናቸው ይሸሻሉ። ያንን ቀጥ አድርጎ 20 ሜትር ወደኋላ የሚነዳ ሰው በእውነት ባለሙያ ነው፤ እኔ እንኳ ብዙ ጊዜ ተሳቢውን ፈትቼ መኪናውን ለብቻው ማስገባቱን እመርጥ ነበር። ነገር ግን እነዚያ ሰዎች የተማሩት በማን ግድግዳ ነው ብሎ መጠየቅ ደግ ነው። የእነርሱ ትምህርት ዋጋ በተሰበረ አጥር፣ በተጣመመ በርና በረዳቶች ሰውነት ተከፍሏል። ያን ጊዜ ከተማው ባዶ ነበረ፣ ባጃጅም አልነበረም። ዛሬ በዚያ መንገድ ይማሩ ማለት ይከብዳል።

ስለ መጋዘኖቹም ቃል ሳልል አላልፍም። አንድ ግማሽ ተሳቢ ከነጎታቹ ወደ 17 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ በ90 ዲግሪ ወደ መድረክ በደህና ለመግባት ከመድረኩ ፊት የዚህን እጥፍ ያህል ባዶ ቦታ ይፈልጋል። በከተማችን ውስጥ ካሉት አሮጌ መጋዘኖች ይህን ያህል ግቢ ያላቸው ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹ የተሠሩት አይሱዙና ኤፍ ኤስ አር የሚባሉት አጠር ያሉ የጭነት መኪኖች እንዲገቡባቸው ሲሆን፣ ያኔ ኮንቴይነር እስከ በራቸው ይመጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ዛሬ መኪናው ረዝሟል፣ መንገዱም ተሻሽሏል፤ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ከወረታና ከጎንደር የሚመጣውን ሁሉ ያለ ጭንቀት ያሻግራል። በሩ ግን ያው የድሮው በር ነው። ያለፉትን መጋዘኖች አፍርሱ ማለት አይቻልም። አዲስ የሚሠሩት ግን ከበራቸው ፊት የመኪና መዞሪያ ቦታ እንዲተዉ፣ ወደ መድረኩ የሚወስደው መሬትም ጠፍጣፋ እንዲሆን የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው አካል ቢጠይቅ ወጪው ከአንድ የተሰበረ ጣሪያ ብዙ አይበልጥም። ይህን የምለው ግን እንደ ሁለተኛ ነገር ነው፤ ግቢው የቱንም ያህል ቢሰፋ አሽከርካሪው ካልተማረ ያበላሸዋልና።

ዋናው ጥያቄዬ ሜዳ ነው። ደረቅ 3 የሚባለውን የባለ ተሳቢ ጭነት መኪና መንጃ ፈቃድ የሚያወጣ ሰው፣ ጭነት ባለው ግማሽ ተሳቢ፣ በግራ ጎን፣ ቀጥሎም በቀኝ ጎን፣ በ90 ዲግሪ ወደ ልክ ባለው ቦታ ገብቶ ሳያሳይ ፈቃዱ ባይሰጠው መልካም ነው እላለሁ። ለዚህም የመለማመጃ ቦታ ያስፈልጋል። ሰፊ መሆን የለበትም፤ 40 በ50 ሜትር የሆነ፣ ዋልካ ያልሆነ፣ ሐምሌ ላይ ጎማ የማይውጥ ደልዳላ መሬት ይበቃል። መድረኩን በአሸዋ ጆንያ ማስመሰል ይቻላል፤ ግድግዳውን በባዶ በርሜል ማቆም ይቻላል፤ በርሜል ሲመታ ይንከባለላል እንጂ አይከስስም። ለጀማሪ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ስሕተት የማያስከስስበት ቦታ ነው። ፍሪሲዮኑን ሙሉ በሙሉ ለቅቆ፣ ነዳጅ ሳይነካ፣ መኪናው በራሱ ጉልበት እንደ ኤሊ ወደኋላ ሲሄድ፣ ጎማው በስፖኪዮው ውስጥ ከመስመሩ ጋር እንዴት እንደሚቀራረብ ማየት አለበት፤ መሪውን አንድ ሩብ ብቻ አዙሮ ጅራቱ እስኪመልስ መጠበቅን መልመድ አለበት። በእኔ ግምት አንድ ደህና ልጅ ይህን በሦስት ሳምንት፣ በቀን ሁለት ሰዓት ቢለማመድ ይይዘዋል። ባለንብረቶች "መኪናዬ ቆሞ ነዳጅ አይቃጠልም" እንደሚሉ አውቃለሁ፤ እኔም የራሴ መኪና ቢኖረኝ እንዲሁ እል ይሆናል። ግን ያው ባለንብረት የተቀደደ ጎማ፣ የተሰበረ የኋላ መብራት፣ ለጣሪያ ካሣ የሚከፍለውን በዓመቱ መጨረሻ ቢደምር ልምምዱ ርካሽ ሆኖ ያገኘዋል። ለመለማመጃም ከሥራ የወጣ አሮጌ ጎታችና አንድ ባዶ ተሳቢ ይበቃሉ፤ እነዚህ ደግሞ በየጋራዡ ግቢ ቆመው ሣር ሲበቅልባቸው አያለሁ።

እስከዚያው ድረስ ለነዋሪው የምለምነው ጥቂት ነገር አለኝ። መኪና ወደኋላ ሲገባ በጅራቱና በመድረኩ መካከል ለመሹለክ የሚሞክሩ የባጃጅ ልጆች፣ እባካችሁ ሦስት ደቂቃ ቁሙ፤ እናንተ በገባችሁ ቁጥር አሽከርካሪው ፍሬን ይይዛል፣ ያዘጋጀው አቅጣጫ ይበላሽበታል፣ እንደገና ወደፊት ይስባል፣ ሦስቱ ደቂቃ አሥራ አምስት ይሆናል። የመጋዘን ባለቤቶችም ማራገፊያውን ጎሕ ሲቀድ፣ ከ12 ሰዓት በፊት ቢያደርጉት ሁላችንም እናርፋለን፤ በዚያ ሰዓት ሐይቁ ዳር ከሚጮኹት ወፎች በቀር መንገዱን የሚሻማ የለም።

ሜዳውን ሊሰጥ የሚችል አካል ካለ፣ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ያለ ክፍያ መጥቼ ለማሠልጠን ፈቃደኛ መሆኔን በዚህ ጋዜጣ በኩል አሳውቃለሁ። ስድስት ባዶ በርሜሎች ግቢዬ ውስጥ አሉኝ፤ ሁለቱ ቀይ ተቀብተዋል፣ የቀሩትንም እቀባቸዋለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

አንድ የከባድ መኪና አሽከርካሪ
ባሕር ዳር